እትዬ፣ ያገድኩሽ እኔ ነኝ

ለውዷ እህቴ ለእትዬ፤ እንደ ጫማሽ ቁጥር የበዛ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኛ ደህና ነን።

አባባ ልብስ ሲሰፋ በቀጥታ ስርጭት ማሳየት ከጀመርን ወዲህ ጎረቤቱ ሁሉ «ዝነኛው» ይለዋል፤ እሱም ጢሙን ሳያበጥር መርፌ አይነካም። እኔ ስልኩን ይዤ የአስተያየቱ በረኛ ሆኛለሁ። ክሬም የሚሸጠውን ቻናል አገድኩ። የአባባን ራሰ በራ «መስታወት» ያለውንም አገድኩት፤ መጀመሪያ ግን ስቄ ነው። «እጃቸው ምን ሆኖ ነው የሚንቀጠቀጠው?» የሚሉትን «አምፖሉ ነው የሚወዛወዘው» ብዬ ወዲያው አግዳለሁ። አባባ «ምን አሉ?» ሲለኝ «አደነቁህ» እለዋለሁ።

እሁድ አንቺም እንደነሱ ጠየቅሽ። አባባ አጠገቤ ሊያነብ መነጽሩን እያደረገ ነበርና ደንግጬ አገድኩሽ። አትቆጪኝ፤ አሁን ክሩን መርፌ ውስጥ የማስገባለት እኔ ነኝ። እገዳሽ የሚነሳው መጥተሽ በር ስታንኳኪ ብቻ ነው።

ደህና ሁኚልኝ፤ ሻንጣሽን ለመሸከም የተዘጋጀው ወንድምሽ፣
በረኛው