እኔ ጽፌአቸው እናንተ ስላጠቆራችኋቸው አራት መስመሮች

ለክቡር ሌላንድ ሆብሰን
የቴነር ፎልስ ከተማ ፖሊስ አዛዥ
ባሉበት

ክቡር አዛዥ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለመላው ባልደረቦችዎ ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። በተለይም ባለፉት አስራ አንድ ወራት ስለ ሕመሙ በተደጋጋሚ የተጻፈልኝ የሰነድ ክፍሉ ፎቶ ኮፒ ማሽን ፈጽሞ ድኖ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። ስለ እሱ በእውነት ስንጨነቅ ከርመናል።

ይህን ደብዳቤ በምሠራበት ጋዜጣ የምጽፍልዎት በመጀመሪያ ለማመስገን ነው። ባለፈው ዓመት ነሐሴ ወር፣ የመንግሥትን ሰነድ ለሕዝብ በሚከፍተው የግዛታችን ሕግ መሠረት፣ በባልደረባዎ በብራንት ሊድል ላይ የቀረበውን አቤቱታና የተደረገውን የውስጥ ምርመራ የያዘውን ፋይል ጠይቄ ነበር። ሕጉ ለመልስ የሚሰጣችሁ አምስት የሥራ ቀናት ነው። ፋይሉ ባለፈው ማክሰኞ እጄ ገብቷል። አልቀረምና እግዚአብሔር ይስጥልን።

ፋይሉን የጠየቅሁት ለራሴ አልነበረም። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ክሊቨን ቲልማን የሚባል ፀጉር አስተካካይ የገዛ ፀጉር ቤቱን ወንበር ለጥገና ሊወስድ እየጎተተ ወደ መኪናው ሲያወጣ፣ ሊድል ሌባ መስሎት አስቆመው። አራት ደቂቃ ሳይሞላ የክሊቨን ቀኝ የእጅ አንጓ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ክሊቨን አቤት አለ። ምርመራችሁ አቤቱታውን «መሠረተ ቢስ» ብሎ ዘጋው፤ በዚያም ሳያበቃ አቤት ባዩ «ሆን ብሎ የሐሰት ቃል ሰጥቷል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረበት። እናቱ ሚስ ኦዴሳ ቲልማን የትምህርት ቤት ምግብ ቤት ጡረተኛ ናቸው። የሚፈልጉት ገንዘብ አይደለም፣ የማንም መታሰርም አይደለም። ይህቺ ዓረፍተ ነገር ከልጃቸው ስም ላይ እንድትነሳ ብቻ ነው። የከተማው አቤቱታ ሰሚ ቦርድ ጉዳዩን እንደገና ለማየት አዲስ ማስረጃ የሚቀበለው እስከ መጪው ሐሙስ ሲሆን፣ ከሐሙስ በኋላ ፋይሉ ለዘለቄታው ይዘጋል። እንግዲህ ቅሬታዎቼን በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

1ኛ. ስለ ጊዜው። የመጀመሪያው ደብዳቤያችሁ የትኛውን ሊድል እንደምፈልግ እንድገልጽ ጠየቀኝ። ሠላሳ ስምንት ባልደረቦች ባሉት መሥሪያ ቤት ሊድል አንድ ብቻ ቢሆንም፣ ጥንቃቄያችሁን አድንቄ ቁመቱን ጭምር ጽፌ ላክሁ። ሦስተኛው ደብዳቤ «አቤቱታ» ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ጠየቀኝ። አምስተኛውና ስድስተኛው ስለ ማሽኑ ነበሩ። ለሰባቱም ደብዳቤዎች በየጊዜው «ስለ ትብብራችሁ አመሰግናለሁ» ብዬ መለስሁ። ሕጉን ጠቅሼ ፍርድ ቤት መሄድ እችል ነበር፤ አላደረግሁም። ከእናንተ ጋር ሠላሳ አራት ዓመት በሰላም ኖሬአለሁና መቃቃር አልፈለግሁም። በሌላ ሰው ጊዜ ላይ ትዕግሥተኛ መሆን ምን ያህል እንደሚቀል ያስተዋልኩት የቦርዱን ቀነ ገደብ ሳይ ነው።

2ኛ. ስለ ቀለሙ። ከላካችሁልኝ 146 ገጾች 91ዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥቁር ናቸው። የዕለቱ የአየር ጠባይ ተሸፍኗል። የፀጉር ቤቱም ስም ተሸፍኗል፤ ስሙ ግን ዛሬም ዋተር ጎዳና ላይ የሰው ቁመት በሚያህሉ ፊደላት ተጽፎ ይታያል። የአቤት ባዩ ስም «የግል ሕይወቱን ለመጠበቅ» ሲባል በሁሉም ገጽ ላይ ጠቁሯል። ሚስ ኦዴሳ ይህን በዓይኔ ካላየሁ አላምንም ብለው ረቡዕ ዕለት አብረን ወደ ሰነድ ክፍላችሁ መስኮት መጣን። የመስኮቱን ሠራተኛ ስም እኔም በበኩሌ ሸፍኜዋለሁ።

«እዚህ ጋ ማን ነው ያለው?» አሉ ጣታቸውን ጥቁሩ ላይ አድርገው።

«እሱን መናገር አልችልም እማማ። የግለሰቡን ምስጢር መጠበቅ አለብን።»

«ከማን?»

«ያው… ከሦስተኛ ወገን።»

«አንቺ ልጅ፣ አስራ ዘጠኝ ሰዓት አምጬ ነው የወለድኩት። ሦስተኛ ወገን ያልሽው እኔን ነው?»

ሠራተኛዋ ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች። «ሕጉ ነው» አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «የኔን ልጆች ፀጉር ሲያስተካክል የኖረው እሱ ነበር እኮ» አለች። የማንን ስም እንደደበቀችን በዚህ ሁኔታ በይፋ አወቅን።

3ኛ. ስለ ማስረጃ ቁጥር 9። እዚህ ላይ ደብዳቤዬ ትንሽ ይረዝማል። ማስረጃ ቁጥር 9 ከጋዜጣ የተቆረጠች ትንሽ ጽሑፍ ናት፤ እሷንም አጥቁራችኋታል። ሆኖም ጎኗ ላይ የነበረው የጎማ ቤት ማስታወቂያ አምልጧችኋል። ማስታወቂያውን ሳየው አወቅሁት፤ ሦስት ዓመት ሙሉ በእኔ ዓምድ ጎን የወጣ ማስታወቂያ ነው። ወደ ዝግጅት ክፍላችን ተመልሼ የዚያን ዓመት ጥራዝ ከመደርደሪያ አወረድሁ፤ የእናንተን ገጽ በላዩ ላይ ሳስቀምጠው ጥቁሩ ልክ በ«ፖሊስ ምን አለ» ዓምድ አራት መስመሮች ላይ አረፈ። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ካነበበው በኋላ የሸፈናችሁት ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦

«ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በዋተር ጎዳና የፀጉር ቤት ወንበር ይዞ ሲሮጥ የተገኘ የ41 ዓመት ሰው፣ ከፖሊስ ለማምለጥ ሲሞክር ወድቆ እጁ ላይ ጉዳት ደርሶበታል። በቦታው የነበሩ ሰዎች እንደሚሉት ፖሊስ ኃይል አልተጠቀመም።»

የጻፍኩት እኔ ነኝ። በገጽ 140 ላይ ደግሞ ከቀለም ካመለጡት ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች አንዱ እነሆ፦ «የባልደረባው ቃል በገለልተኛ ምንጭ ተረጋግጧል፤ ማስረጃ 9ን ይመልከቱ።» ከመቶ አርባ ስድስቱ ገጽ ሊነበብ በሚችለው ውስጥ ከመሥሪያ ቤታችሁ ውጭ ሊድልን የሚደግፍ አንድ ምስክር ብቻ አለ። እሱም እኔ ነኝ።

ገለልተኛው ምንጭ ወሬውን ከየት እንዳገኘ የዚያ ቀን ማስታወሻ ደብተሬ ይናገራል። እንደ ወትሮው ባልደረባችሁ ሳጅን ዋረን ኮትሬል ጋ ደወልሁ።

«ዛሬ ምን አለህ?» አልኩት።

«ደረቅ ነው። አንዲት ብቻ አለች፣ ግን ትወዳታለህ።»

«በል እሺ።»

«አንዱ የፀጉር ቤት ወንበር ይዞ ሲሮጥ ሊድል ደረሰበት። ተደናቀፈና እጁን ሰበረ።»

«ወንበር ይዞ? ወዴት ሊሄድ?»

«እኔ ምን አውቄ! ሲደክመው ሊቀመጥበት ይሆናላ።»

ሁለታችንም ሳቅን። ሊድል ነክቶት እንደሆነ ስጠይቀው፣ «ኧረ ጫፉንም! ያዩ ሰዎች አሉ» አለኝ። ማንና ማን እንደሆኑ አልጠየቅሁም። ኮትሬል ራሱ እዚያ ነበር ወይ ብዬም አልጠየቅሁም፤ አልነበረም። «በቦታው የነበሩ ሰዎች እንደሚሉት» የሚለው አነጋገር የዓምዱ ልማድ ነው፤ ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ይጽፈው ነበር፣ እኔም ሳላስብ ወረስሁት። ፀጉር ቤቱ ከጠረጴዛዬ ሁለት መቶ እርምጃ ይርቃል። ገጹ ሊዘጋ አንድ ሰዓት ሙሉ ነበረኝ።

4ኛ. ይህኛው በእናንተ ላይ የቀረበ ቅሬታ አይደለም፤ ቁጥር የሰጠሁት ከመዝገቡ እንዳይቀር ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሚስ ኦዴሳ ቤት ሄጄ በረንዳቸው ላይ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«እና አስራ አንድ ወር ሙሉ የራስህን ጽሑፍ ስትፈልግልኝ ነበር?» አሉኝ።

«አዎ፣ ሚስ ኦዴሳ።»

«ይሄ ከሆነማ እኔው እሰጥህ ነበር። ኩሽና መሳቢያ ውስጥ አለ።» «ያንተ ስም እላዩ ላይ የለም እኮ። ፖሊስ የጻፈው ነበር የሚመስለኝ» አሉ። ቀጥለውም፣ «ለኔ አይደለም ይሄን መንገር። ለሱ ንገረው» ብለው ተነሡ።

ከእሳቸው ወደ ፀጉር ቤቱ ሄድሁ። ክሊቨን ከስብራቱ ወዲህ የፀጉር መቁረጫ ቶንዶስ ከአስር ደቂቃ በላይ መያዝ ስለማይችል፣ ዛሬ በገዛ ፀጉር ቤቱ ሌሎች ሲቆርጡ እሱ ይጠርጋል። እየጠረገ አዳመጠኝ። ስጨርስ በመጥረጊያው እጀታ ወደ ማዶ አመለከተ።

«ወንበሩ ያው እዚያ ነው። ይዘኸው ሩጥ» አለኝ።

«ክሊቨን…»

«አይ፣ ሩጥ ነው ያልኩህ። በሩ ድረስ ብቻ። እኔ እኮ ጎዳናውን ሁሉ ሮጬበታለሁ፤ አላነበብክም?»

ፊቱ በአረፋ የተሸፈነ ሽማግሌ ከመስተዋቱ ስር፣ «ኧረ ተወው በናትህ! ወገቡን ይሰብርና ይከሰናል» አለ።

«ቢሰበርስ?» አለ የሚቆርጠው። «በቦታው የነበሩ ሰዎች እንደሚሉት ወድቆ ነው!»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ክሊቨን አልሳቀም። ኮቴን አውልቄ ወንበሩን በሁለት እጄ ያዝሁት፤ አንዱ ጎኑ ጣት ያህል ተነሣ፣ መልሶም ወደቀ። ስሩ ላይ የተመታው የፋብሪካው ሰሌዳ ሰማንያ አራት ኪሎ ይላል። ማንም በቀለም ያልሸፈነው፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ማንኛችንም ጎንበስ ብለን ያላነበብነው ሰነድ እሱ ነው። ኮቴን ስለብስ ክሊቨን፣ «አሁን እንግዲህ ይሄንንም ጻፍ» አለኝና ወደ መጥረጊያው ተመለሰ።

ክቡር አዛዥ ሆይ፣ ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ በትሕትና እጠይቃለሁ። ምርመራችሁ፣ ማንም ሳይጠይቀኝና እኔም ሳላውቅ፣ ገለልተኛ ምስክር አድርጎ ተቀብሎኛል። ስለ ክብሩ አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን ቃሌን አንሥቻለሁ። ዛሬ ጠዋት የማስታወሻ ደብተሬን ገጽና በመሐላ የተረጋገጠ ቃሌን ለቦርዱ ጽሕፈት ቤት አስገብቼ ማኅተም ያለበት መረከቢያ ተቀብያለሁ። በቃሌ ውስጥ በቦታው እንዳልነበርኩ፣ እንዳላየሁ፣ ያየ ሰው እንዳላነጋገርኩና የጻፍኩትን በሙሉ ከመሥሪያ ቤታችሁ በስልክ እንደሰማሁ ገልጫለሁ። ጠበቃችሁ ጋዜጠኛ በወሬ የሰማውን ሊመሰክር አይችልም ብለው ቢከራከሩ፣ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ እስማማለሁ፤ ያን ጊዜ ማስረጃ ቁጥር 9ም አብሮ ይወድቃል። ሊመሰክር ይችላል ቢሉ ደግሞ የምመሰክረውን ከላይ አንብበዋል። ቦርዱ ምን እንደሚወስን አላውቅም። ያቺ ዓረፍተ ነገር ከክሊቨን ስም ላይ ብትነሣ እንኳ አንጓውን እንደማትመልስለት አውቃለሁ፤ ይህንንም ቢሆን እናቱ ናቸው የነገሩኝ።

ለሠላሳ አራት ዓመታት ስልክ ባነሣሁ ቁጥር ላልተለየኝ መስተንግዷችሁ፣ ከእኔም ላልጠበቃችሁት ጥያቄ ሁሉ ጥልቅ ምስጋናዬን እያቀረብሁ፣ በማይናወጥ አክብሮት ፊት ለፊትዎ እጅ የምነሣ፣

ባልነበርኩበት ቦታ የነበርኩ ምስክራችሁ፣
ኤመሪ ሳትክሊፍ
የ«ቴነር ፎልስ ኩሪየር» ዘጋቢ

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ ይህ ደብዳቤ በዚያው ሕግ መሠረት አዲስ ጥያቄ ተደርጎ እንዲመዘገብልኝ እለምናለሁ። «ፖሊስ ምን አለ»ን ከአንድ ሺህ ሰባት መቶ ጊዜ በላይ ጽፌአለሁ። ጽሑፌ «ገለልተኛ ምንጭ» ተብሎ በማስረጃነት የተያያዘበትን የአቤቱታ ፋይል ሁሉ፣ ከአቤት ባዮቹ ስም ጋር ላኩልኝ፤ በየቤታቸው መሄድ አለብኝ። በልቤ እንድትዘገዩ ስመኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ቢሆንም እባካችሁ አትዘግዩ።