የኒቆዲሞስ አፍ ከታረመ ወዲህ

ይድረስ ለበኩር ልጄ ለጌታነህ ለገሠ፤ ጅቡቲ።

ሰላምታዬ ከሐረር ተነሥቶ፣ ደንገጎን ቁልቁል ወርዶ፣ ድሬዳዋን አቋርጦ፣ ያን የጋለ አሸዋ አልፎ እጅህ ይግባ። እንደምን ሰነበትክልኝ? እንቅልፍህ እንዴት ነው? ውኃስ እንደ ልብ ታገኛለህ ወይ? የሐምሌ ሙቀት እዚያ ሰው ይጠብሳል ሲሉ ስለምሰማ፣ እዚህ ዝናቡ ቆርቆሮውን በደበደበው ቁጥር ምነው ከዚህ እፍኝ ያህል በላኩለት እላለሁ።

እኛ በአካል አለን። አባትህ በጉልበታቸው ይነጫነጫሉ እንጂ ምግብ ይበላሉ። ዕፀገነት አሥረኛ ክፍልን ጨርሳለች። እኔም ጊድር መጋላ ገበያ ቅመሜን ዘርግቼ እቀመጣለሁ፤ ልቤ ግን አልተቀመጠም። በስልክ እንዳልነግርህ ቤታችንን ታውቀዋለህ፤ ጓዳ ውስጥ ያንሾካሾኩት በረንዳ ላይ ይሰማል። ስለዚህ የከባድ መኪናው ሹፌር ጋሽ ዘውዴ ነገ ወደ አንተ ስለሚወርዱ በእጃቸው ልኬልሃለሁ። ብቻህን ሆነህ አንብበው። ነገሩ የወንድምህ የኒቆዲሞስ ነገር ነው።

የዚህን ልጅ አነጋገር አንተ በስልክ እየሰማህ ትስቅ ነበር። አብሬው የምኖረው ግን እኔ ነኝ። ኮሌጅ ከጨረሰ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው፤ ሥራ የለም። አልፎ አልፎ የሰው ባጃጅ ይነዳል፤ የቀረውን ቀን ከገበያ ጎረቤቴ ከጃሚላ ልጅ ከዐብዱልባሲጥ ጋር ስልክ ላይ ተደፍተው ጌም ይጫወቱ ነበር። መጫወቱስ ባልከፋ፤ የጌሙን ቋንቋ ይዞት ማዕድ ላይ መጣ እንጂ። ውኃ ቅዳ ስለው "ቆይ እማ፣ ኩልዳውን ላይ ነኝ" ይለኝ ነበር፤ ድካሜ እስኪወጣልኝ ጠብቂኝ ማለቱ ነው። መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩ ወደቀ ነው። ወጥ ከጣፈጠው ኦፒ ነው፤ አቻ የለውም ማለት ነው አሉ። መንዳት ያልቻለ ባለባጃጅ ሁሉ ኑብ ነው። አባቱ ከውጭ ሲገቡ "ቦስ ገባ፣ ተጠንቀቁ" ይላል። በሽታው ደግሞ ይተላለፋል፤ አባትህ አንድ ቀን ከወንበር ለመነሣት ሲታገሉ፣ ጉልበቴ ላግ አደረገ ብለው ዕፀገነትን በሳቅ ገደሏት። ላግ ማለት ሌላው ሲሮጥ አንተ ወደ ኋላ መንቀርፈፍ ነው።

ይህን ሁሉ ችዬው ነበር። ያሳፈረኝ የኅዳሩ ለቅሶ ነው። ዘጠና ያለፋቸው የሰፈራችን ሽማግሌ ዐርፈው ድንኳን ተቀምጠናል። ሰው ሁሉ የሟቹን ልጅ እግዚአብሔር ያጥናሽ እያለ ሲያልፍ፣ የእኔው ጉድ እጇን ያዘና "አይዞሽ፣ ትልቅ ሌቭል ላይ ደርሰው ነው የወጡት" አላት። ሌቭል የጌሙ ደረጃ ነው። እሷስ አልተቀየመችም፤ እኔ ግን የምገባበት ጠፋኝ። ወር ሳይሞላ ቁልቢ ሄጄ ለገብርኤል ተሳልኩ፤ የዚህን ልጅ አፍ አርምልኝ፣ እንደ ሰው እንዲናገር አድርግልኝ፣ ጃንጥላ ይዤ እመጣለሁ አልኩ። ሌላው ልጅ ስጠኝ፣ ከደዌ አድነኝ ብሎ ይሳላል። እኔ የተሳልኩትን አፍሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ሰኔ ሲያልቅ ስእለቴ ሰመረ። አንድ ጠዋት ከክፍሉ ወጥቶ እንደምን አደርሽ እማዬ፣ እንቅልፍሽ ደህና ነበር ወይ አለኝ። ጆሮዬን አላመንኩም። ያን ቀን ሙሉ አንዲት የጌም ቃል ከአፉ አልወጣችም፤ በማግስቱም እንዲሁ። ደህና ነህ ስለው እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልጎደለብኝም ይላል። የአባቱን ጉልበት ይስማል። ዝናብ የሚያስገባውን ቆርቆሮ ማንም ሳይነግረው ጣራ ላይ ወጥቶ ደፈነ። ስልኩንም ሸጠና፣ ጌም ትቻለሁ ብሎ ለመደወል ብቻ የምትሆን ትንሽ ስልክ ያዘ። እኔ ሞኟ እልል አልኩ።

ሐምሌ ገብርኤል ዕለት ቁልቢ ይዤው ሄድኩ። ጃንጥላውን የተሸከመልኝ ራሱ ኒቆዲሞስ ነው። ዳገቱን እየወጣን ስእለቱ የእሱ አፍ መሆኑን ነገርኩት፤ ሳቀና እጄን ሳመኝ። ግቢው ውስጥ ግንባሩን ከግድግዳው አስደግፎ ብዙ ቆየ። ይህ ልጅ ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የሚጸልየው ብዬ በኩራት አየሁት፤ አጠገቤ ለቆመችው ለማላውቃት ሴትም ልጄ ነው አልኳት።

ሰኞ ገበያ ገብቼ ለጃሚላ አወራሁላት። መደባችን ጎን ለጎን መሆኑን ታውቃለህ። ማሻ አላህ አለችና የእኔንም አላህ መልሶልኛል አለችኝ። ዐብዱልባሲጥ ለሱብሒ ሶላት ሳይቀሰቀስ ይነሣል። እሱም ጌሙን ትቷል። በቀደም ደግሞ እግሯ ሥር ቁጭ ብሎ አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ፣ ዱዓ አድርጊልኝ ብሏታል። ይህን እየነገረችኝ ድምፅዋ እየቀነሰ ሄደ። እህል የምትሰፍርበትን ጣሳ ጆንያው ላይ አስቀመጠችው።

"ተናኜ፣ ሰው አፉ በይኝ የሚለው መንገድ ሲያስብ አይደለም ወይ?" አለችኝ።

በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። ጌሙን የሚጫወቱት በአራት ሆነው ነበር፤ ስኳድ ይሉታል፣ ቡድን እንደማለት። ከአራቱ ሁለቱ አምና በደላላ እጅ ወደ እናንተ አገር ወርደው በጀልባ ወደ የመን ተሻግረዋል። አንዱ ሳዑዲ ገብቶ ፎቶ ይልካል። የሌላው ድምፅ እስከ ዛሬ የለም፤ እናቱን መንገድ ላይ ሳያት ሌላ ቅያስ እገባለሁ። እንግዲህ የእኛዎቹ ሁለቱ በአንድ ሰሞን ጨዋ የሆኑት ለምን እንደሆነ አንተም ገባህ።

ያን ዕለት ከሰዓት የሰመረ ስእለት ተመልሶ ይሻራል ወይ ብዬ የደብራችንን ቄስ ጠየቅኋቸው። ምን ተስለሽ ነው አሉኝ፤ ስነግራቸው ሳቁ። ኋላ ፊታቸው ጠቆረና የእህታቸውም ልጅ ሳይጠፋ በፊት አንድ ሰሞን እንዲሁ ታዛዥ ሆኖ እንደነበር ነገሩኝ። ጃሚላ በበኩሏ የልጇን ጫማ ሁሉ ሰብስባ ሣጥን ውስጥ ቆልፋዋለች፤ ልጁ በዚህ ጭቃ በነጠላ ጫማ ይዞራል። እኔ ምኑን ልቆልፍ? ብቆጣው እሺ እማዬ ብሎኝ በነጋታው ይጠፋል ብዬ ፈራሁ። በር በተንቀሳቀሰ ቁጥር ብቅ ብዬ አያለሁ፤ ገበያ ውዬ ስመለስ መጀመሪያ የማየው ጃኬቱ ምስማሩ ላይ መኖሩን ነው።

ትናንት ዝናቡ ሲጥል ከዕፀገነት ጥቂት ቃላት ተማርኩና ክፍሉ ገብቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። "ኒቆ፣ ስኳዱን ጥለህ ልትወጣ ነው ወይ?" አልኩት። ያስቀዋል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። እንደ ሰሞኑ ልማዱ፣ ኧረ እማዬ ምን ሆነሽ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን እያለ ጀመረና መሀል ላይ ተወው።

"እማ፣ ሁሉም ሌቭል ወጣ። እኔ እስካሁን ሎቢ ላይ ነኝ" አለኝ።

ሎቢ ምንድን ነው አልኩት። ጨዋታው እስኪጀመር የሚጠበቅበት ቦታ ነው አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ እንደቆመ፣ ሌላው እየተጠራ ሲገባ እሱን የሚጠራው እንዳጣ ነገረኝ። ወረቀቱን ይዞ ያልረገጠው ቢሮ እንደሌለ፣ ጓደኞቹ ሲደውሉለት የሚያወራው እያጣ ስልኩን እንደሚዘጋባቸው ነገረኝ። ጌታነህ፣ ከሰኔ ወዲህ ከዚህ ልጅ አፍ የሰማሁት የመጀመሪያው እውነት ይኸው ነው። ያ ያማረ አማርኛ ላዩን ነበር፣ ውስጡን ለቄስ። አቅፌው አለቀስኩ። በዚያ ሁሉ መሀል አፉ ተመልሶ በመበላሸቱ ደስ አለኝ፤ ገብርኤል ይቅር ይበለኝ።

መቼ እንደሚሄድ፣ ከየትኛው ደላላ ጋር እንደተነጋገረ ግን ብለምነውም አልነገረኝም። ይልቅ አልጋው ራስጌ የለጠፈውን ያንተን ፎቶ አሳየኝ፤ ወደቡ ላይ መነጽር አድርገህ የቆምክበትን። ጌታነህስ ወጥቶ አይደል ወይ ሌቭሉን ያሳደገው፣ ምን ጎደለበት አለኝ። እኔም የማውቀው ያንኑ ፎቶ ነው።

ከትናንት ጀምሮ የማስበው ስለ አንተ ነው። ከዚህ ቤት ስትወጣ እንዳንተ ያለ አማራሪ አልነበረም። ወጡ ጨው በዛው፣ ጫማው ጠበበኝ፣ ዕፀገነት አስነጠሰችብኝ፤ ከጠዋት እስከ ማታ ነበር። ከወረድክ ስድስተኛ ዓመትህ ነው። እሑድ እሑድ ስትደውል እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልጎደለብኝም፣ አታስቢ ትለኛለህ። ሙቀቱን እንኳ አንድ ቀን አላማረርክም። እኔም ልጄ ሰው ሆነ፣ ረጋ አለ እያልኩ ለጎረቤት ስናገር ኖርኩ። አሁን ያ ቃል ያስፈራኛል። የት ነው የምታድረው? ከማን ጋር ነው የምትበላው? ታመህ ታውቃለህ ወይ? ማን አስታመመህ?

የምለምንህ ይህን ነው። ለወንድምህ ደውልለት። አትቆጣው፣ አትምከረው፣ ታላቅነትህን አታሳየው። የምትኖርበትን እንዳለ ንገረው። ደግ ነገር ካለም ጨምርበት፤ ክፉ ክፉውን ብቻ ብታወራው እኔ እንዳስጠናሁህ ወዲያው ይገባዋል። እንደ ድሮህ አማርርለት። ለእኔም ንገረኝ፤ ብታማርር አልሞትም። ምናልባት ሁሉም ሳይሆን ቀርቶ እዚያ ብቅ ካለብህ ደግሞ እጅህን እንዳታነሣበት፤ ባሕሩ ዳር ሳይደርስ ብቻ ያዝልኝ።

አባትህ በረከታቸው ይድረስህ፤ ልባቸው ስለማይችል ይህን ነገር ገና አልነገርኳቸውም፣ ስትደውል እንዳታነሣባቸው። ዕፀገነት ጉንጭህን ትስምሃለች። ጃሚላ አላህ ይጠብቀው በይልኝ ብላለች፤ ዐብዱልባሲጥም እዚያ ከታየ እንደ ወንድምህ እንድትይዘው አደራ ትልሃለች። አብረውህ ለሚኖሩት፣ ማንነታቸውን ስላልነገርከኝ በስማቸው ባልጠራቸውም፣ የእናት ሰላምታዬን አድርስልኝ። በርበሬና ሚጥሚጣውን ከጋሽ ዘውዴ ተቀበል።

የኒቆዲሞስ ሰላምታ ግን የለበትም። ለወንድምህ ምን ልበልልህ ስለው ትንሽ አሰበና፣ "ተይው እማዬ፣ እኔው በአካል እነግረዋለሁ" አለኝ።

እናትህ ተናኘወርቅ

ሐረር፣ ሐምሌ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.