ከሆሣዕና በፊት የሚሠራ ኪቦርድ

ሰኞ፣ የካቲት 30፣ ጠዋት

እንደገና ለለለለለለለ። ሙሉ ገጽ። ይሄኛውም ኪቦርድ አልሆነም። ከጌታቸው ፎቶ ኮፒ ቤት በውሰት ያመጣሁት ነው፤ ስስ፣ ትንፋሽ ሲነካው የሚጽፍ። የአባዬ ግራ እጅ ይንቀጠቀጣል። አንዷን ፊደል ሊነካ ሲሄድ የቀሩት ጣቶች ሰፈሩን ሁሉ ያምሳሉ። ቀና ብሎ ስክሪኑን አየ። ከዚያ እኔን። አጠፋሁት።

ደብተሬ፣ ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ። አባዬን ስትሮክ መታው፤ ቀኝ ጎኑንና ምላሱን ይዞበት ሄደ። ጭንቅላቱ ደህና ነው። ይሰማል፣ ይገባዋል፣ ይቆጣል። ትናንት መጻጉዕ ነበር፤ የንስሐ አባታችን ቄስ ሞገስ ከቅዳሴ መልስ ሊጠይቁት መጡ። ግድ የለም፣ ኃጢአቱን እኔ እየጠራሁ እጠይቅሃለሁ፣ አዎ ከሆነ ዐይንህን ጨፍን፣ እግዚአብሔር ልብ ያያል አሉት። አባዬ ዐይኑን አፍጦ ቀረ። ደጋግመው ለመኑት። አፈጠጠ። በራሱ ቃል ካልሆነ አይናዘዝም፣ አለቀ።

ሰሙነ ሕማማት ከገባ ደግሞ ፍትሐት የለም። ስለዚህ ከሆሣዕና በፊት ነው። ሳይናዘዝ አይቆርብም፤ ሳይቆርብ ቢሞትብኝስ? ይኸው ጻፍኩት። ሆቴል ሥራ ረፍዶብኛል።

ረቡዕ፣ መጋቢት 2

ጌታቸው ደወለ። አለም፣ ያንን ሬሳ ኮምፒውተር ጣይውና ላፕቶፕ ላውስሽ አለኝ። ሞክረነዋል እኮ! አባዬ የደብር ጽ/ቤት ጸሐፊ ነበር፤ መጀመሪያ በታይፕ፣ ኋላ በዚህ ኮምፒ.። አዲስ ሲገዙ አሮጌውን ለእሱ ሰጡት። ያለበት ዊንዶውስ ኤክስፒ ነው፤ የግዕዝ መጻፊያው ከኤክስፒ ወጥቶ የትም አይሄድም። ፊደሎቹ የተደረደሩት ልክ እንደ ታይፑ። ላፕቶፑ ላይ «ለ» ለመጻፍ የፈረንጅ ኤል ነው የሚነካው፤ አባዬ በዚህ ዕድሜው ከኤል ጋር ምን አገናኘው? «ለ» የት እንዳለች የሚያውቀው ጣቱ ነው። በእስክሪብቶ ሞከረ፣ በግራ እጁ፤ የዶሮ ጭረት። ፊደል ገበታ ግድግዳ ላይ ለጥፌ በጣትህ አሳየኝ አልኩት። እኔ ቀድሜ እየገመትኩ ቃሉን ስጨርስበት ተናዶ ገበታውን ቀደደው። ሰው እንዲጨርስለት አይፈልግም።

ሁነኛው ያ ጥቁሩ ኪቦርድ ነበር፣ ከኮምፒ. ጋር አብሮ የመጣው። ቁልፎቹ ደረቅ፣ ጥልቅ። አጥብቀህ ካልተጫንከው የማይጽፍ። ከስትሮኩ በኋላ በእሱ «ውሃ» ብሎ ጻፈልን። «መስኮት»። «ራዲዮ»። እልል ያልንበት ቀን ነበር።

ከዚያ እማዬ። በሳምንት ሁለቴ ነአኩቶ ለአብ ትሄዳለች፤ ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበውን ጠበል በሃይላንድ ቀድታ መጥታ ከራሱ እስከ እግሩ ትረጨዋለች። ያን ቀን ኮምፒ. ፊት ተቀምጧል። ረጨችው። ኪቦርዱንም አልነፈገችውም፤ «እሱም አፉ ነው፣ ይባረክ» ብላ ደህና አድርጋ ጨመረችለት። ፈታሁት፣ ጠረግሁት፣ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። አልተነሣም። አባዬ ሁለተኛ ጊዜ ዲዳ ሆነ።

ለእማዬ ኪቦርዱ አርጅቶ ነው የሞተው አልኳት። ቻይው ይላል ልቤ። አንድ ቀን ግን ሳይወጣኝ አይቀርም።

እሑድ፣ መጋቢት 6፣ ደብረ ዘይት

ወጣኝ። አፌን በቆረጠው።

ከቅዳሴ መልስ ጠበሉን ይዛ ገባች። የጌታቸውን ኪቦርድ ጭኑ ላይ አድርጌ በካርቶን ቀዳዳ ቀዳዳ እየሠራሁ ነበር፣ አንዷን ቁልፍ ብቻ እንዲነካ። ካርቶኑ ተንሸራተተ፣ ስክሪኑ በ«ሸ» ተሞላ። በዚያው ሰዓት ጠብታው እጄ ላይ አረፈ። ዘልዬ ተነሣሁ። ዲዳ ያደረገው ስትሮኩ ብቻ መሰለሽ? ያንቺ ጠበል ነው! ኪቦርዱን የገደልሽው አንቺ ነሽ! አልኳት። ጮኼ። እሱ ፊት።

የሃይላንዱን ክዳን አጥብቃ ዘጋች፣ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች፣ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ፣ መጋቢት 11፣ ከሰዓት

ደብተሬ! መጣ!

አምና ሆቴላችን አርፋ የነበረች ፈረንጅ፣ የአካል ሕክምና ባለሙያ፣ ስለ አባዬ ጽፌላት ነበር። ዛሬ በመጡ እንግዶች እጅ ሣጥን ላከች። ኪቦርድ። ግን ምን ዓይነት! እያንዳንዱ ቁልፍ የሳሙና ግማሽ ያህላል፤ ቢጫ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ። ከላይ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ክዳን። እኔ በካርቶን ስታገል የከረምኩትን እነሱ በፋብሪካ ሠርተውታል። ባጃጅ ላይ እንደ ሕፃን አቅፌው መጣሁ።

ሰካሁት። ኮምፒ. አዲስ ዕቃ አገኘሁ አለ። ደስ አለኝ። ቀጥሎ፦ ሲዲውን አስገቢ። የትኛውን ሲዲ? ያ ሲዲ ማን ዘንድ ይገኛል ዛሬ? እምቢ ብል ዝም ይላል። እሺ ብል ሲዲውን ይላል። እንደ ለማኝ ነው፣ አይሰለቸውም።

እማዬ ከእሑድ ወዲህ ነአኩቶ ለአብ አልሄደችም። ጉልበቴን ነው አለች። አባዬ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። ሽሮውን በማንኪያ ስሰጠው ከንፈሩን ይዘጋል። ሆሣዕና እየቀረበ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። ምን ላድርግህ አባዬ?

ማክሰኞ፣ መጋቢት 15

ጌታቸው ሱቁን ገልብጦ ሲዲ አገኘ። የተጫጫረ። የኮምፒ. የሲዲ ሳህን አልከፈት አለ፤ በፀጉር ማስያዣዬ ጎርጉሬ አወጣሁት። ገባ። ተንኮራኮረ። አነበበ! ትልቁ ኪቦርድ ሠራ!

አባዬን ከግድግዳው አዙሬ፣ በትራስ ደግፌ አስቀመጥኩት። ዐይኑ በራ። ጣቱን በቀዳዳው አስገባ፤ አንዷን ብቻ ነካ፣ ሌላ አልነካም። ወደ ስክሪኑ አየን።

የማይነበብ ነገር። ዐሥር ፊደል ጻፈ፣ ዐሥሩም የማይሆን። አየሁት እንግዲህ፦ ይሄ ኪቦርድ የተደረደረው በኤቢሲዲ ተራ ነው፣ እንደ ልጆች መጫወቻ። አባዬ የታይፑን ቦታ ይነካል፣ እዚያ የተቀመጠው ግን ሌላ ነው። ደጋግሞ ሞከረ። ከዚያ እጁን አወጣና ጣቱን አየው። ጣቴም ከዳኝ የሚል ይመስላል። አለቀሰ። አባዬ ሲያለቅስ በዕድሜዬ አላየሁም።

ጣትህ አልተሳሳተም፣ ዕቃው ነው አልኩት። ያመነኝ አይመስለኝም።

ዓርብ፣ መጋቢት 18

ጌታቸው አንድ መላ ነገረኝ። ኤክስፒ ሆዱ ውስጥ ቁልፎች የሚተረጎሙበት ቦታ አለ፤ ይሄን ሲነካ ያንን ጻፍ ተብሎ ይነገረዋል። ቁጥር ነው፣ የማይገባ ቁጥር። በስልክ እያነበበልኝ ሙሉ ከሰዓት ስሞላ ዋልኩ። አጥፍቼ አስነሣሁት።

የይለፍ ቃል ጠየቀ። ጻፍኩ። አይደለም አለ። ጻፍኩ። አይደለም። ፊደሎቹን ሁሉ አዟዙሬ የይለፍ ቃሉን ራሴ ላይ ቆለፍኩት! በሩን ከውስጥ ዘግቶ ቁልፉን በመስኮት የወረወረ ሰው እኔ ነኝ። የጌታቸው ስልክ ዝግ። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ወይኔ ወይኔ ማለት ብቻ። እማዬ በሩ ላይ መጥታ ቆመች፣ ተመለሰች። ልጠራት ነበር። አልጠራኋትም።

እሑድ፣ መጋቢት 20

ተከፈተ። ሲነሣ አንዱን ቁልፍ ተጭኖ መያዝ ነው፤ መጨረሻ በደህና ወደሠራበት ሁኔታ ልመልስህ ወይ ይላል። መልሰኝ፣ መልሰኝ! የኔንም እንዲህ የሚመልስ ቁልፍ ቢኖር ወደ ደብረ ዘይት ጠዋት ነበር የምለው።

ከሀ እንደገና። አሁን የይለፍ ቃሉን አስቀድሜ አነሣሁት፤ ብልህ ከሰው ስሕተት፣ ሞኝ ከራሱ ይማራል። አንድ ረድፍ ሠርቼ አስነሣለሁ፣ አያለሁ፣ ወደሚቀጥለው። በቁልፎቹ ላይ የቁስል ፕላስተር ለጥፌ ፊደሉን በእስክሪብቶ ጻፍኩበት። ቁልፎቹ ከታይፑ ያንሳሉ። ጰ ቦታ አጣች። ተዋት አልኩ፤ ጳጳስ ላይ ኃጢአት ካልሠራ በቀር ያለ ጰ መናዘዝ ይችላል። ብቻዬን ሳቅሁ። ከሳምንታት ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው፣ ቶሎ አለቀ።

የታችኛው ረድፍ ቀርቶኛል።

ረቡዕ፣ መጋቢት 23

መብራት የለም። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ። የሆቴሉ ጄኔሬተር ለእንግዶች ነው፣ ኮምፒ. ተሸክሜ ልምጣ ብዬ ለመንኩ፣ ሥራ አስኪያጁ ይሄንን አሮጌ ብታስነሺው ያቃጥልብናል አለ። ቄስ ሞገስ መልእክት ላኩ፤ ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ፣ ከዚያ ወዲያ አልችልም፣ ካልሆነ በዐይኑም ይሁን ብለዋል። ለአባዬ ነገርኩት። አፈጠጠ።

እልኸኛ! እልኸኛ ሽማግሌ! ለሰው ብትጨፍንለት ምን አለ? ይህን በልቤ ነው ያልኩት። ምግብ ትቷል፤ እኔም ለመለመን ድምፅ አጣሁ። ጌታ ሆይ፣ መብራቱን ብቻ። ሌላውን እኔ እችለዋለሁ።

ዓርብ፣ መጋቢት 25፣ ከሰዓት

መብራት መጣ። የመጨረሻው ረድፍ አለቀ። ልጻፍልህ።

አስቀመጥኩት። የነገው እንዳይበላሽ ሞክረው፣ ያሻህን ጻፍ አልኩት። ጣቱን በቀዳዳው አስገባ፣ ሳያይ፣ የድሮ ቦታዋን ፈልጎ። «ጠ»። ቀጥሎ «በ»። ትክክል ነው! ጮህኩ። እማዬ ከጓዳ መጣች፣ በሩ ላይ ቆመች። ከደብረ ዘይት ዕለት ወዲህ ይሄን ክፍል አትገባም።

«ሌ»። «ስ»።

ጠበሌስ።

ውሃ ጠማው ብዬ ብርጭቆ አቀረብኩለት። አፈጠጠ። ቀጠለ። አንዷን ፊደል ለማግኘት ትንፋሹን ይሰበስባል። ልገምትለት ፈለግሁ፣ ከንፈሬን ነከስኩ። «ለምን ቀረ።»

እማዬ ማንበብ አትችልም። ምን አለ? አለችኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ የተናገረችኝ ቃል ነው። አነበብኩላት። ጠበሌስ ለምን ቀረ ይላል።

ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ፣ «አበላሸሽ ብለውኝ ነዋ» አለች፣ ለእሱ፣ በቀጥታ፣ እኔ እንደሌለሁ። «ዕቃህን ገደልሽ ብለውኝ ነው፣ ጌትዬ። እንጂ ጉልበቴስ ደህና ነው።»

አባዬ እንደገና ጎነበሰ። ሌላ ነገር ጻፈ። ይሄኛውን ጮክ ብዬ ማንበብ አቃተኝ።

«አለም አትጩሂባት።»

እኔ ደግሞ ሆሣዕና ናት ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረችው እል ነበር። አፍ አግኝቶ የመጀመሪያ ነገሩ ይሄ ነው። እግሯ ላይ ወደቅሁ። ተነሽ፣ ልብስሽን አቧራ አታስነኪ አለችኝ። ሽሮውን እሷ አቀረበችለት፣ በላ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 26፣ ጠዋት

ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ። እማዬ አጠገቤ። በሩ ዝግ ነው።

ቄስ ሞገስ መስቀላቸውን ይዘው ገቡ። ፊደሉን እንዲያዩት አተለቅሁላቸው። ሲያልቅ እንዴት እንደሚጠፋ አሳየኋቸው፤ ቀዩን ቁልፍ ተጭነው መያዝ። ከዚያ ወጣሁ። የቁልፉ ድምፅ እዚህ ድረስ ይሰማል። ቀ። ዝም። ቀ። ዝም። ረጅም ዝምታ ሲሆን እማዬ እጄን ትይዛለች።

አንዴ በሩን ከፍተው ጠሩኝ። ወደ ውስጥ እንዳላይ በበሩ ቆመው፣ «ልጄ፣ መጥፋቱን በምን አውቃለሁ?» አሉኝ። አባ፣ ስክሪኑ ነጭ ከሆነ ጠፍቷል አልኳቸው። ተመለሱ። ትንሽ ቆይቶ ይፍታህ ሲሉ ሰማን። እማዬ ተነሥታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አቅጣጫ ሰገደች።

አሁን ወጡ። ዐይናቸው ቀልቷል። በመስቀላቸው ባርከውን ሄዱ።

ነገ ሆሣዕና ነው። ከእማዬ ጋር ጨርሰናል፦ በማለዳ ነአኩቶ ለአብ አብረን እንሄዳለን፣ ሃይላንዱን የምሸከመው እኔ ነኝ። ስንመለስ ከራሱ እስከ እግሩ እንደ ወትሮው ትረጨዋለች። እኔ አስቀድሜ ኪቦርዱን በፌስታል እሸፍነዋለሁ። እንዲያ ከሆነ ፌስታሉንም እረጨዋለሁ አለችኝ። ርጪው አልኳት።

ረጅሙን ቁልፍ እየደበደበ ነው፣ እየጠራን። መጣሁ አባዬ፣ መጣ