«ደህና ነው፣ አመሰግናለሁ» ማለትን ላስተማሩኝ

ለተከበሩ የመጤዎች የቋንቋ ትምህርት ቤት ኃላፊ፦

እርስዎም መላው ቤተሰብዎም እንደምን ሰነበታችሁ? ጤና አይለያችሁ፤ ቢጓደልም ቃላችሁን የሚሰማ ሰው አያሳጣችሁ እያልኩ ከልብ እመኛለሁ።

እኔ የማለዳው ክፍል ተማሪዎ የነበርኩ፣ የሆቴል አንሶላ አጣቢ ነኝ። ወደዚህ አገር የመጣሁት ባለቤቴን ተከትዬ ነው። እሱ ቀድሞኝ ስለገባ ቋንቋውን እንደ ውሃ ይጠጣው ነበርና ባለሱቁም፣ አከራዩም፣ ሐኪሙም የሚያናግሩኝ በእሱ አንደበት ነበር። «አንቺም ተማሪ እንጂ፤ እኔ ዘላለም አልኖርልሽም» ብሎ ሲጎተጉተኝ እርስዎ ደጅ መጣሁ። ስለተዋለልኝ ውለታ ምስጋናዬ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፦ ሰላምታ ስላስተማሩኝ። መምህርታችን «ባለቤትዎ እንዴት ነው?» ስትል «ደህና ነው፣ አመሰግናለሁ፤ እርስዎስ?» የሚለውን ሳናስበው እንደ ዳዊት እስክንደግመው ድረስ አስጠንታናለች። ባለቤቴ ኩሽና ውስጥ ተዝለፍልፎ ወድቆ አፉ ወደ አንድ ጎን ሲጣመም ለአምቡላንስ ደወልኩ። ያነሳው ሰው የሚለው ሁሉ አልገባኝም፤ እኔም የምለው «ባለቤቴ! ባለቤቴ!» ብቻ ሆነ። በመጨረሻ የማውቀው ጥያቄ መጣ፤ «ባለቤትዎ እንዴት ነው?» አለኝ። ምላሴ ከእኔ ቀድሞ «ደህና ነው፣ አመሰግናለሁ፤ እርስዎስ?» አለው። ስልኩ ተዘጋ።

ሁለተኛ፦ ቀለማትን ስላሳወቁኝ። ከእኛ በታች የሚኖረውን የአውቶቡስ ሾፌር በር በጡጫ ስደበድብ «ቢጫ» እና «ሐምራዊ» ማለት እችል ነበር፤ «እርዱኝ» ግን ሁለተኛው መጽሐፍ ላይ ነው አሉ። ሰውዬውን እጁን ይዤ ጎተትኩት፤ አየ፤ ደወለ፤ መጡ። የባለቤቴን ነፍስ አትርፈውልኛል። ቀኝ ጎኑና ንግግሩ ግን ሄዱ። ሐኪሙ «ትንሽ ቀደም ብሎ ቢደርስ ኖሮ» ማለቱን ያስረዳችኝ የሆስፒታሉ ጽዳት ሠራተኛ፣ ያገሬ ልጅ ናት። ምነው ባልነገረችኝ።

ሦስተኛ፦ አልጋው አጠገብ ስቀመጥ ከክፍል ቀርቻለሁና ስለሰረዙኝ። ደንብ ነው፤ ምን ይደረግ። እሱን ንግግር የምታለማምደው ባለሙያ የምታውቀው ያገሯን ቋንቋ ብቻ ስለሆነ፣ «በል» ስትለው እኔም አብሬው እላለሁ። ትናንት «ውሃ» አልን፤ እኔ ቀደምኩት። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ደስ ብሎት ይሁን ከፍቶት፣ በየትኛው ቋንቋ ልጠይቀው?

ክቡር ሆይ፣ ምጸቱን ልተወው። እግርዎ ላይ ወድቄ እለምናለሁ፤ መልሱኝ። በር ላይ ቆሜም ቢሆን እማራለሁ። «ቶሎ ድረሱልኝ» ማለትን፣ «አልገባኝም፣ ቀስ ብለው ይንገሩኝ» ማለትን ብቻ ያስተምሩኝ። ብቻዬን ነኝ።

ስለ አየሩ ሁኔታ ያለ አንዳች ስሕተት መናገር የምትችለው፣ ዝቅ ብላ እጅ ነስታ የምትሰናበትዎ፣
የቀድሞ ተማሪዎ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን በራሴ ቋንቋ የጻፍኩት ላስቸግርዎ ብዬ አይደለም፤ ያለኝ እሱ ብቻ ነው። ካልገባዎ አይጨነቁ፤ ፈገግ ብለው ራስዎን ይነቅንቁ። እኛ እዚህ የምንኖረው እንደዚያ ነው።