ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ባሕሩ ይሞላል

ለክቡር ዶክተር ኤገርት ብሩንክ
የዊተርሲል መዝናኛ ባሕር ዳርቻ አስተዳደር ዳይሬክተር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ እጅን ከኪስ ስለማውጣት

ክቡር ዳይሬክተር ሆይ፣

እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ባለፈው ሳምንት በጋዜጣ ላይ ከጎንዎ ቆመው ሪባን ሲቆርጡ ያየኋቸው ሁለቱ ምክትሎችዎም እንደምን ሰነበታችሁ? ለጤናዎ ያለኝ ምኞት ለወጉ ያህል የተጻፈ አይደለም። ሁለቱም ትከሻዎችዎ እንዳሉ እንዲቆዩ፣ የጎድን አጥንቶችዎም አንድ ሳይሰበር በየቦታቸው እንዲሰነብቱ ከልቤ እመኛለሁ። ዘንድሮ በዳርቻችን ይህን መመኘት ለማንም ቢሆን ትርፍ አይደለም።

ምናልባት ካላወቁኝ፣ ታልኬ ኦነን እባላለሁ። የባሕሩን ውሃ ከሚመክተው ግድብ ሥር፣ አረንጓዴ በር ባላት ክፍል ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የጀልባ ሸራ ስጠግን ኖሬአለሁ፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን አብዛኛው ሥራዬ ካይት ነው። ለማስታወቂያ መጽሔትዎ ሽፋን ያደረጓቸው፣ በነፋስ ተነሥተው ሰውን በረጅም ገመድ፣ በጣውላ ላይ አቁመው በውሃው ላይ የሚጎትቱት እነዚያ ባለ ቀለም የጨርቅ ካይቶች ሲቀደዱ የሚመጡት ወደ እኔ ነው። ባለቤቶቻቸው ስለ አደጋው ያሻቸውን ሊያወሩ ይችላሉ፤ እኔ ግን ጨርቁን ወደ ብርሃን አንስቼ ገመድ የበጣውን፣ አሸዋ የፈተገውንና ብረት የሰነጠቀውን ለይቼ አውቃለሁ። ዘንድሮ የማየው ቀዳዳ እንቅልፍ የሚነሳ ሆኖብኛል።

ይህንኑ ጉዳይ በሦስት ደብዳቤ አመልክቼ ነበር። ለሦስቱም በአንድ ላይ፣ "ቅሬታዎ ደርሶናል፤ ወቅቱ ሲያበቃ ይታያል" የሚል መልስና የጀምበር መጥለቂያ ሥዕል ያለበት የቀን መቁጠሪያ ስለላኩልኝ እጅግ አመሰግናለሁ። የቀን መቁጠሪያው በጣም ያምራል፤ በየቀኑ ሁለት ጊዜ የሚሸሸውና የሚመለሰው ባሕራችን የሚሞላበት ሰዓት ብቻ አልተጻፈበትም። እነሆ አራተኛውን በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

፩. የካይት ማንሻና ማሳረፊያ ቦታችንን በነጫጭ ችካሎች ከልለው፣ በካርታ ላይ የውሃ ጠርዝ ከተባለው መስመር እስከ እንግዶችዎ ወንበሮች ዘጠና ሜትር አሸዋ ስለሰጡን ምስጋናዬ ወደር የለውም። ሊለኩ ከከተማ የመጡትን ሁለት ጨዋ ወጣቶች አስታውሳቸዋለሁ። በሚያዝያ ወር፣ ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነበር፤ ባሕሩ ሸሽቶ እስከ አድማስ ድረስ ጭቃው ብቻ ተዘርግቷል። አንደኛው የመለኪያ ሜትሩን እየጠቀለለ፣ "እናቴ፣ ባሕሩ ታዲያ የታለ?" አለኝ። "ይመጣል፤ እስከ ስምንት ሰዓት ብትቆዩ እግራችሁ ሥር ታገኙታላችሁ" አልኩት። "አይ፣ እኛማ አራት ሰዓት ላይ ሌላ ቀጠሮ አለን" ብሎኝ ሄደ። ባሕሩ ግን ቀጠሮውን አክብሮ መጣ፤ ዘጠና ሜትሩንም አስራ ሁለት ሜትር አደረገው። የአንድ ካይት ገመድ ሃያ አራት ሜትር ይረዝማል፤ በእሁድ ቀን አርባ ካይት ይነሳል፤ ቀሪውን ስሌት ለቢሮዎ እተወዋለሁ። ነፋሱ ከባሕር ወደ ግድቡ በሚገፋበት አቅጣጫ ደግሞ የእንግዶችዎ ባለ ክዳን የሸንበቆ ወንበሮች በሦስት ረድፍ ተደርድረዋል። ከእጅ ያመለጠ ካይት የሚሄደው ወደዚያው ነው።

፪. ስላቆሙልን ታላቅ የማስጠንቀቂያ ሰሌዳም ሳላመሰግን አላልፍም። አስራ ስምንት ደንቦች በአራት ቋንቋ ተጽፈው በሁለት የብረት ምሰሶ ላይ ቆመዋል። የተተከለው ካይቶቹ ሲነሱ በሚያልፉበት ቦታ ላይ ስለሆነ ከሰኔ ወዲህ አምስት ካይት ቀዶልኛል። ሥራ ፈትቼ እንዳልቀመጥ አስበውልኝ ከሆነ ልቤ ተነክቷል። አብዛኞቹን የቀደደው የታችኛው ጥግ ነው፤ ከጠንካራ ነገሮች ይራቁ የሚለው ደንብ የተጻፈበት።

፫. ይህኛው ቅሬታ በወገኖቼ ላይ ስለሆነ ለጊዜው ዘና ብለው ሊያነቡት ይችላሉ። ፎቶ ለመነሳት ሲሉ በዋናተኞች አናት ላይ የሚዘሉ አሉ። ገመዳቸውን በሰው ገመድ ላይ ዘርግተው ሳንድዊች ሊገዙ የሚሄዱ፣ ከባሕር ሲመለሱ ወደ ባሕሩ ለሚገባው ሰው መንገድ መልቀቅ የሚባል ነገር ያልሰሙም አሉ። ሳያቸው እቆጣለሁ። በቀደም አንዱ ጎረምሳ፣ "አንቺ ደግሞ የባሕሩ ባለቤት ነሽ እንዴ?" አለኝ። "ባለቤቱ ራሱ እየመጣልህ ነው" አልኩት፤ ውሃው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ደርሶ ነበር። ይሁንና ለእነዚህ ተብሎ የወጣው ደንብዎ እስካሁን የያዘው እነሱን ሳይሆን ምስኪኑን ጋሬልትን ነው፤ ወደ እሱ እመጣለሁ።

፬. በዚህ ዳርቻ ከእርስዎም ከእኔም በፊት የነበረ አንድ ልማድ አለ። ከባሕር የሚመለስ ሰው ካይቱ ከላዩ ተወጥሮ እያለ ብቻውን ላሳርፈው ቢል አደጋ ነው። ስለዚህ በመዳፉ የራሱን አናት መታ መታ ያደርጋል፤ ተቀበሉኝ ማለቱ ነው። አሸዋው ላይ ያለ ሰው፣ ወዳጅም ይሁን ባላንጣ፣ የያዘውን ጥሎ ይሮጥና ካይቱን በሁለት እጁ ይይዝለታል። የተቀበሉትም ሰው በተራው ሌላውን ሳይቀበል ወደ ቤቱ አይሄድም። በአጥር ተጣልተው አስራ አንድ ዓመት ሙሉ የተዘጋጉት ሁለቱ የኤበን ወንድማማቾች እንኳ አንዱ የሌላውን ካይት ይቀበላል፤ ከዚያ እንደተኳረፉ ይለያያሉ።

ከግንቦት ጀምሮ ግን በዚያ ሰሌዳ ላይ ከተጻፉት ደንቦች አንዱ፣ አንቀጽ ሰባት፣ መጣልን። ያለ አስተዳደሩ የጽሑፍ ፈቃድ የሌላን ሰው መሣሪያ መንካት ለማንም የተከለከለ ሆነ፤ ምክንያቱም በኋላ የኃላፊነት ጥያቄ እንዳይነሳ ነው ተባለ። ሃያ ስድስት ዓመት ወንበሮችዎን ሲጠብቅ የኖረው ጋሬልት ፖፒንጋ በሐምሌ የአንድ እንግዳ ካይት ሲቀበል ታየ። በሳምንቱ፣ ቢደግመው ከሥራው እንደሚሰናበት የሚገልጽ ደብዳቤ በእርስዎ ፊርማ ደረሰው። ጡረታ ለመውጣት ስምንት ወር ቀርቶታል።

ከአራት ሳምንት በፊት፣ እሁድ፣ ባሕሩ ሞልቶ ሳለ ዳቦ ጋጋሪያችን ስቫንቲየ ከውሃው ወጣች። እርስዎም ጠዋት ጠዋት የእሷን ዳቦ ነው የሚበሉት። በዚያች በአስራ ሁለት ሜትሯ አሸዋ ላይ ቆማ አናቷን መታች። ደግማ መታች። ሰው ሁሉ መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ ሰሌዳውን አየ። ጋሬልት ከካይቷ አራት እርምጃ ርቆ ቆሞ ነበር። ሦስተኛ ስትመታ ነፋሱ በረታባትና ብቻዋን ልታሳርፈው ሞከረች። ካይቱ ከወንበሮቹ ጀርባ ወድቆ እንደገና ነፋስ ሞላው፤ እሷን በሆዷ እየጎተተ ወስዶ ከመጀመሪያው ረድፍ ጋር አላተማት። ካይቱን ከሰውነቷ የሚያላቅቀውን የአደጋ መፍቻ የሳበችው ከዚያ በኋላ ነው። ወንበር ቁጥር መቶ አስራ ሁለት ተገለበጠ። የተከራዩት ባልና ሚስት የትንሿን ልጃቸውን እግር ሊያጥቡ ሁለቱንም ልጆች ይዘው ከሄዱ ሦስት ደቂቃ አልሞላቸውም ነበር። የልጅቷ የአሸዋ ባልዲ ከሥሩ ተጨፍልቆ ተገኘ።

ስቫንቲየ ትከሻዋና ሦስት የጎድን አጥንቶቿ ተሰብረዋል። ሆስፒታል ልጠይቃት ስሄድ መጀመሪያ ያነሳችው ሕመሟን አልነበረም። "እትዬ ታልኬ፣ ቆሞ የሚያየኝ አስራ አንድ ሰው ቆጥሬአለሁ። አስራ አንድ! አንዱ እንግዳማ ጭራሽ ሰላምታ መስሎት እሱም አናቱን መታልኝ" አለችኝ። ልትስቅ ሞክራ ጎኗ አላስቻላትም። ጋሬልት ደግሞ ማታውኑ እኔ ዘንድ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ፤ ግባ ብለው አልገባም። "እጄን ኪሴ ውስጥ ጨብጬ ነው የቆምኩት ታልኬ። ደብዳቤያቸው እዚያው ኪሴ ውስጥ ነበር" አለኝ። ይህን ብሎኝ ሄደ። እኔም በእርስዎ የተናደድኩት የዚያን ጊዜ ነው፤ እስካሁንም አልበረደልኝም።

የአስተዳደርዎ ዘገባ፣ ካይቱ ከማንኛውም ወንበር ጋር አልተነካካም፣ ወንበሩን የገለበጠው ነፋስ ነው ይላል። ዘገባው በጥሩ ወረቀት ላይ ስለታተመ አመሰግናለሁ። የስቫንቲየን ካይት ስጠግን ግን ከስፌቱ ውስጥ ጣት የምታህል የሸንበቆ ስንጥር አወጣሁ፤ በላይዋ ላይ በወንበሮችዎ ሰማያዊ ቀለም የተጻፈ የቁጥር ጭራ አለ። ጋሬልት ወስዶ ከመቶ አስራ ሁለት ጀርባ ጋር ሲያስተያያት ልክክ አለች። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ልኬልዎታለሁ፤ ሲይዟት ትወጋለችና ይጠንቀቁ።

አምስተኛ ቅሬታ ነበረኝ፤ ስለ መጸዳጃ ቤቱ ነበር፤ ተውኩት። ምክንያቱም ቅዳሜ የነፋስ በዓል አዘጋጅተው አንድ መቶ ሃያ ካይት እንደጋበዙ ሰማሁ። በዕለቱ ጨረቃዋ አዲስ ስለሆነች ባሕሩ ከስቫንቲየ ቀን ይልቅ ከፍ ብሎ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ይሞላል። ከሰሜን ምዕራብ ኃይለኛ ነፋስ እንደሚኖር የአየር ትንበያው ከትናንት ጀምሮ እየተናገረ ነው። አስራ ሁለቱ ሜትር ስምንት ይሆናል። በጋዜጣ ላይ ያነበብኩት የበዓሉ መርሐ ግብር ደግሞ የመክፈቻ ንግግርዎን በስምንት ሰዓት አስቀምጦታል፤ ሁሉም ካይቶች ንግግርዎ እንዳለቀ በአንድ ላይ ይነሳሉ።

የምለምንዎ ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ሁለቱም በአንድ ከሰዓት በኋላ ተሠርተው ያልቃሉ። የፊተኞቹ ሁለት ረድፍ ወንበሮች ወደ ግድቡ ጀርባ ይዛወሩ፤ አንቀጽ ሰባትም ይሰረዝ። የቀረውን እርስ በርስ እየተቀባበልን እንደምንም እንወጣዋለን፤ ስንኖርበት የቆየነው ነው።

እምቢ ካሉም ጋሬልት ቁርጡን ነግሮኛል። ትናንት የሥራ ሱሪውንና ጃኬቱን ጠቅልሎ አመጣልኝ። "ኪሶቼን በሙሉ ስፊያቸው" አለኝ። "ለምን?" ስለው፣ "ቅዳሜ እጄ የሚገባበት እንዳያገኝ" አለኝ። በድርብ ክር፣ ለማዕበል ሸራ በምጠቀምበት ስፌት ሰፍቼለታለሁ። አንድ መቶ ሃያ ካይት ለሁለት እጅ ስንት ጊዜ እንደሚበዛ ግን ለሁለታችንም ይታወቀናል።

ቀናነትዎንና አርቆ አሳቢነትዎን ከካርታው አውቄ፣ ርኅራኄዎን ከአንቀጽ ሰባት ተረድቼ፣ ለዊተርሲል የሚያሳዩትን ፍቅር በቀን መቁጠሪያው አሥራ ሁለት ገጾች ላይ ተመልክቼ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እጅ እነሳለሁ።

ታልኬ ኦነን
የሸራና የካይት ጠጋኝ
ረቡዕ፣ ከግድቡ ሥር

አባሪ፦ አንድ የሸንበቆ ስንጥር
ግልባጭ፦ ለስቫንቲየ፣ በሆስፒታል አልጋዋ
ለቅዳሜ ተረኛ የድንገተኛ ሐኪም፣ ቀድመው እንዲያውቁት ያህል

ማሳሰቢያ፦ ወንበር ቁጥር መቶ አስራ ሁለት ተጠግኖ ወደ ቦታው ተመልሷል። የወንበሮቹን የኪራይ መዝገብ ጋሬልት ዘንድ ሳይ፣ ለቅዳሜ መንታ ሕፃናት ያሏቸው ባልና ሚስት ተከራይተውት አገኘሁ። ከደጄ ሥር ጥላ ያለበት ቦታ ሰጥቻቸው ወንበሩን በእርስዎ ስም አስይዤዋለሁ። ንግግርዎን እንደጨረሱ ይምጡና ይቀመጡበት፤ ፊቱ ወደ ባሕሩ ስለሆነ ካይቶቹ ሲነሱ አንድም አያመልጥዎትም። የሚረዳዎ ሰው ይፈልጉ እንደሆነ ጋሬልት በየሩብ ሰዓቱ አልፎ ይጠይቅዎታል። ለመቀመጥ የማይመችዎ ከሆነ ግን ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲያሳውቁን በትሕትና እንጠይቃለን።