አባባን በሞተር ወደ አጋሮ

ለውድ እህቴ ለዘይቡ አባቦራ፤
ድሬዳዋ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እህት ዓለም፣ እንደምን ከርመሻል? ክረምቱን ሙሉ ያስቸገረሽ ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? የድሬዳዋ ሙቀትስ እንዴት ይዞሻል? ባለቤትሽ ቲጃኒ፣ ልጅሽ ዙቤይዳ፣ ጎረቤቶችሽም ሳይቀሩ ደህና ናቸው? እኛ በቾ ቦሬ ያለነው ሁላችን፣ ከናፍቆትሽ በቀር፣ አልሐምዱሊላህ ምንም አልጎደለብንም። አረፋንም በሰላም ዋልን። አባባ የላክሽላቸውን ሽርጥ ለብሰው ሰፈሩን ሁለቴ ዞሩት፤ አንዴ ለሰላምታ፣ አንዴ ለማሳየት።

አሁን ወደ ዋናው ወሬ ልግባ። አንድ አሮጌ ያማሃ ሞተር ሳይክል በጨረታ ወጥቶ ገዛሁ። ጋራዥ ከሥራ ሰዓት ውጭ እየቀረሁ ስፈታው ስገጥመው ከርሜ፣ ይኸው ነፍስ ዘራሁበት። ሚስቴ ሱዓድ፣ ባሏን ያገባው ሞተሩ እንደሆነ ለጎረቤት ሁሉ አወራች። አትፍረጂባት፤ እጄ ዘይት ዘይት ሳይሸት ራት የበላሁበትን ቀን እኔም አላስታውስም። ግን የደከምኩት ለጉራ አይደለም፤ አባባን አጋሮ ላደርስበት ነው።

እንደምታውቂው አባባ፣ ፈረሳቸው ቦራ ከሞተ ወዲህ አጋሮን አላዩም። ዕድሜ ልካቸውን በዚያ ፈረስ ስም አባቦራ ተብለው የኖሩ ሰው፣ ያለ ፈረስ እህታቸው ደጅ መድረስ ሞት ሆነባቸው። በጭነት መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ይሂዱ ብለን ብንለምናቸው፣ እኔ ሰው ነኝ እንጂ ጭነት አይደለሁም ብለው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። አሁን ግን የአክስታችን የአዳዳ መሪማ ዓይን እየደከመ ነው። ከአጋሮ በመጣ ሰው፣ «ብርሃኑ ጨርሶ ሳይጠፋ የወንድሜን ፊት ልየው፤ ከዚያ ወዲያ ቢመጣ የማገኘው ድምፁን ብቻ ነው» ብለው ላኩ። አባባ ይህን ሲሰሙ ሽርጣቸውን ፈተው እንደገና አሰሩ። እኔን ግን አንጀቴን በላኝ። ሞተሩን የተጣደፍኩበት ከዚያ ወዲህ ነው።

አባባ ሞተሩን መጀመሪያ ያዩት ቀን በዙሪያው ዞሩ፣ ጎማውን እንደ ኮቴ መታ መታ አደረጉና ምን እንደሚበላ ጠየቁኝ። ቤንዚን ነው፣ እሱም በኩፖን ነው ስላቸው፣ ቦራ ሣር ሲግጥ ኩፖን ጠይቆ አያውቅም አሉኝ። ቢሆንም በማግስቱ የጉዞው እቅድ ከእጄ ወጣ። የኔ ሐሳብ በጠዋት ተነስቶ የትም ሳይቆሙ አጋሮ መግባት ነበር። እሳቸው ግን፣ «ያ ኢልማኮ፣ ልጄ፣ በመንገድ ሳያርፍ የሚሄድ ሌባ ብቻ ነው» ብለው ሳቁብኝ።

እንግዲህ በሳቸው እቅድ መጀመሪያ የምንቆመው ቦራ ውሃ ይጠጣበት ከነበረው ወንዝ ዳር፣ ከሾላው ጥላ ሥር ነው። ሞተሩ ውሃ አይጠጣም ብላቸው፣ እኔ እጠጣለሁ አሉ። ሱዓድ የምትጋግረውን ቂጣ በቅቤና በቆጭቆጫ እዚያው እንበላለን። ቀጥሎ የቡ ከተማ፣ የድሮ ወዳጃቸው የጀቤሳ ቤት ነው። በደጁ አልፈን ብርዙን ሳንቀምስ ብንሄድ ወዳጅነቱ ያበቃል አሉ። ከየቡ በኋላ ግን እህል ባፋችን አይገባም። አዳዳ መሪማ ገንፎውን በገዛ እጃቸው ነው የሚያጎርሱን፤ አንድ ጊዜ አባባ ጠግበው ሄደው ሦስተኛውን ጉርሻ እምቢ ቢሉ፣ እስኪመሽ ድረስ አኩርፈዋቸው እንደነበር አንቺም ታስታውሻለሽ። የሰቃን ከተማም እግረ መንገዳችንን እንያት ብለው ነበር፤ ሰቃ በሌላ በኩል መሆኗን አስረድቼ ተገላገልኩ።

መንገዱም ደርቋል። ከየቡ ወዲያ በግራ በቀኝ ቡናው መቅላት ጀምሯል አሉ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ከፈለ ከእሁድ ስብሰባ እንድንቀር ፈቅዶልናል፤ ስንመለስ ኬላ ላይ ስለምንፈተሽ ጭብጥ ቡና እንኳ እንዳንይዝ አስጠንቅቆ ነው። አባባ ከአጋሮ ባዶ እጁን የተመለሰ የመጀመሪያው ሰው እኔ ልሆን ነው እያሉ ያጉረመርማሉ።

አንድ ነገር ብቻ አስቸገረን። አባባ ከኋላ አልቀመጥም አሉ። በፈረስ ላይ ከኋላ የሚፈናጠጥ ሴትና ልጅ ነው፤ ልጅ ፊት፣ አባት ኋላ የት አገር ታይቷል አሉ። እኔው እነዳለሁ፣ አስተምረኝ ብለው ያዙኝ፤ እሳቸው ደግሞ የያዙትን አይለቁም። ግቢያችን ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ጥቂት እንደሄዱ ማቆም አማራቸውና እንደ ልጓም መሪውን በሁለት እጃቸው ወደ ራሳቸው ሳቡት። ነዳጅ የሚሰጠው ደግሞ በቀኝ እጅ ያለው እጀታ ወደ ኋላ ሲጠመዘዝ ነው። በሳቡ ቁጥር ሞተሩ ባሰበት፤ «ሃይ! ሃይ!» እያሉ የሱዓድን የጎመን መደብ ሰንጥቀው አጥሩ ላይ ቆሙ። ምስጋና ለአላህ፣ ከጭረት በቀር ምንም አልሆኑም። ሱዓድ ጎመኗን ትታ በሳቅ ወደቀች፤ እኔም መሳቄን አልክድም። አባባ ግን አልሳቁም። አቧራቸውን አራግፈው ገቡ፤ ከዚያ በኋላ ስለ አጋሮ ያነሳ አልነበረም። ያን ሰሞን ቤቱ ቀዘቀዘብኝ፤ የሳቅኩበትንም አፍ ጠላሁት።

ባለፈው ዓርብ ሱብሒ ሰግጄ ስወጣ ሞተሩ እንደ ወትሮው ከበረንዳው ሥር ቆሟል። የቦራ ግላስ፣ ያ ቀይ ጥልፍ ያለበት የኮርቻ ልብስ፣ ቦራ ከተቀበረ ጀምሮ ከሣጥን ወጥቶ የማያውቀው፣ ተራግፎና ተጣጥፎ ወንበሩ ላይ በገመድ ታስሯል። ቀረብ ብዬ አየሁት። የታሰረው ከኋላ ነው። ዘይቡ፣ እንባዬ መጣ። አባባ በረንዳው ላይ ሆነው ያዩኝ ነበር፤ «ምን ትገተራለህ? ቤንዚንህን ፈልግ» አሉኝ። የምንሄደው እንግዲህ የሚመጣውን እሁድ አሳልፈን በሚቀጥለው ነው፣ ኢንሻአላህ። ልቤ ቅቤ ጠጥቷል።

ሰላምታዬን ለቲጃኒ አቅርቢልኝ፤ ብሎን ስፈታ ሁሌ እንደማነሳው ንገሪው፣ መፍቻው የሱ ስጦታ ነውና። ዙቤይዳን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ። ጎረቤትሽን እማማ ተናኘን ምርቃታቸው ደርሶናል በያቸው። ሱዓድ እጅግ ናፍቃሻለች፤ ጎመኑ እንደገና መብቀሉን ጻፍላት ብላኛለች። ጓድ ከፈለም ሰላም ብሎሻል።

የአባባን መልእክት ለመጨረሻ ያቆየሁት ሱዓድ እንኳ እንዳትሰማ ስላሉኝ ነው። ትናንት ለብቻዬ ጠርተውኝ እንዲህ አሉ፦ «ዘይቡ ልጅ ሳለች ከኋላዬ ተቀምጣ በቦራ አጋሮ ስንመላለስ አንድ ቀን አልወደቀችም። እኔ በዕድሜዬ ከሰው ኋላ ተቀምጬ አላውቅም። እጇን የት ታደርግ እንደነበር ጠይቅልኝ።» እኔ ከጎናችሁ እየሮጥኩ ስላየሁሽ መልሱን አውቀዋለሁ፤ ነገር ግን ካንቺ ይስሙት። ከጉዟችን በፊት አድርሺልን።

ወንድምሽ ሙሐመድሳኒ አባቦራ
ጅማ፣ በቾ ቦሬ
ጥቅምት 8 ቀን 1974 ዓ.ም.