የፒያሳ ቪቶሪዮዋ ዕጩ

ሮም፣ ነሐሴ 27 ቀን 2013 ዓ.ም.

ወንድሜ ግዛቸው፣ ለመሸጥ ካመጣሁት ዛሬ ጠዋት በርበሬው ሁሉ አለቀ፤ ነጠላውን ግን ዞር ብሎ ያየው የለም።

ያረፍኩባት የአክስቴ ልጅ ዘርፈሽዋል ለከተማው ምክር ቤት ዕጩ ሆናልሃለች። ፓርቲዋ የትሮትስኪ ተከታይ ነው፤ አባላቱ ቢሰበሰቡ ያንተን መጋዘን አይሞሉም። በእኛ ወጣትነት በዚህ ስም መጠራት ሰው ያስገድል ነበር። እነሱ ግን ፒያሳ ቪቶሪዮ ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው፣ በጠራራ ፀሐይ ለምርጫው ለመመዝገብ የሚጠየቀውን ፊርማ ይሰበስባሉ።

አጠገቧ ቆሜ ሳለሁ ከትልቁ የግራ ፓርቲ አንድ ከረባት ያሰረ ሰው መጣ። የተባባሉትን ኋላ እሷ ተረጎመችልኝ።

«ሲኞራ፣ ድምፅ እየከፋፈላችሁብን ነው። እነዚህን ይተዉና በእኛ ዝርዝር ይግቡ፤ ወንበርዎ የተረጋገጠ ነው።»

«ፖሊስ እኛን ስደተኞችን ከቪያ ኩርታቶኔው ሕንፃ ሲያስወጣን ፍራሼን የተሸከሙልኝ እነዚህ ናቸው። እርስዎ ያን ቀን የት ነበሩ?»

ሰውየው ፊቱን አዙሮ ሄደ።

«እንደማታሸንፉ ታውቂ የለም እንዴ?» አልኳት።

«አሎራ? ታዲያ ምን ይሁን? እኛ ካልተወዳደርን ስለ ቤት ጉዳይ ትንፍሽ የሚል አለ?»

እኔም በነጋዴ ዓይን አየሁት፤ ባለ ትልቁ ሱቅ መጥቶ «ተነሺልኝ» ብሎ የሚለማመጣት ጉልት ቸርቻሪ፣ ገበያ አላት ማለት ነው። እንዳትነሺ አልኳት።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። ማክዳንና ልጆቹን ሳምልኝ፤ ለጎረቤቶቻችንም ሰላምታዬን አድርስ። ዘመንፈስቅዱስ ነኝ።

በጠርዙ ላይ ልጨምር፤ ነገ ጠዋት የፊርማውን ካርቶን ተሸክሜ ከዘርፈሽዋል ጋር ማዘጋጃ ቤት እሄዳለሁ።